ጠቆር ያለችው

ሐረገወይን ሁለት ሴቶች ልጆች አሏት። ለእንግዳ ስታስተዋውቃቸው፣ «ይቺ ቀይዋ ቲጂ፣ ያቺ ጠቆር ያለችው ራኬብ» ትላለች። ክፋት የለባትም። ሰው እንዳይምታታበት ብላ ነው፤ ምንም እንኳ ቲጂ ከታናሽ እህቷ በአንድ ክንድ የምትረዝም ብትሆንና ሁለቱን ለማምታታት ዓይን ማጣት ቢያስፈልግም።

አትላንታ አጠገብ ስማይርና ውስጥ የውበት ሳሎን ያላት ሴት ናትና ስለ መልክ አስተያየት አያልቅባትም። የራኬብን ፀጉር ከልጅነቷ ጀምሮ በካውያም በመድኃኒትም ስታስተኛው ኖራለች፤ ፀጉሩም ተመልሶ ሲነሳ ኖሯል። የቆዳዋን ነገር ግን ምንም ማድረግ ስላልተቻለ ለእግዜር ትታው ነበር። እግዜርም አልጨከነባትም፤ ማግኑስን ላከላት።

ማግኑስ ዴንማርካዊ ነው፤ ፒችትሪ ኮርነርስ ካሉት ቢሮዎች በአንዱ ኢንጂነር። ፀጉሩ ቢጫ፣ ዓይኑ ሰማያዊ። መጀመሪያ ለእራት የመጣ ቀን የራኬብ ዓይን ቸኮሌት፣ ፀጉሯ ቡና፣ ቆዳዋ ቀረፋ እንደሚመስለው ለሐረገወይን አስረዳት። ሙገሳው ሁሉ ከጓዳ የወጣ ስለነበር ሐረገወይን ልጁ አልጠገበም ብላ ወጥ ጨመረችለት። እሱም እየበላ፣ እኛ አገር ቡናማ ዓይን ጥልቅ ምስጢር አለው ይባላል አለ። ራኬብ ነርስ ናት፤ ዓይኗ ውስጥ የነበረው ምስጢር የማታ ፈረቃ እንቅልፍ ነው። ሐረገወይን ግን አላረመችውም። ዓይነ ሰማያዊ የልጅ ልጅ የሚያስታቅፋትን ሰው ምን ቆርጧት ታርማለች?

የሠርጉን ወሬ ከቅዳሴ መልስ ለጓደኛዋ ለገበያነሽ ነገረቻት። ለገበያነሽ መንገር ለአትላንታ ሁሉ መንገር ነው። የሙሽራው እናት በፎቶ እንዳየቻት የስንዴ ነዶ የመሰለ ፀጉር እንዳላት፣ ለሠርጉ ከዴንማርክ ድረስ እንደምትመጣ፣ የሚወለዱት ልጆችም በማን እንደሚወጡ ግልጽ እንደሆነ ዘረዘረችላት። ገበያነሽ በመገረም፣ የምታገባው ያቺ ጠቆር ያለችው ናት ወይ ብላ ጠየቀች። ሐረገወይን ደረቷን ነፍታ፣ እሷው ናት አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ቬሎው፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ አዳራሹ ሲወራ ጆሮዋ ግማሽ ብቻ ነበር። እሷ የምትጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ ቅዳሜ ከቢጫዋ የሙሽራው እናት ጎን ቆማ ገበያነሽ ፊት ፎቶ መነሳት።

አርብ ከሰዓት ሳሎኗን ለሌላ ደንበኛ ዘጋችና ሙሽራዋንና አማቷን አስቀመጠች። የራኬብን ፀጉር በቢጎዲን ጠቅልላ ከፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር ከተተቻት። ገና ከአውሮፕላን የወረደችውን የማግኑስን እናት ኪርስተንን ከመስታወቱ ፊት አደረገቻት። ማበጠሪያውን አንስታ ፀጉሯን መሃል ለመሃል ስትከፍለው እጇ ቀጥ አለ። ሥሩ ጥቁር ነው። ሽበት ጣል ጣል ያለበት፣ ድቅድቅ ያለ ጥቁር። ቀና ብላ በመስታወቱ ዓይኖቿን አየቻቸው፤ ፎቶው ላይ በፀሐይ መነጽር ተሸፍነው ነበር። ቡናማ ናቸው። የራኬብ ዓይነት ቡናማ።

ኪርስተን የሐረገወይንን መደነቅ አይታ ሳቀችና ታሪኳን ጀመረች። ባደገችበት ደሴት ጥቁር ፀጉርና ቡናማ ዓይን የነበራት እሷ ብቻ ነበረች። ትምህርት ቤት ዘላን ይሏታል። ፀጉሯ ስለጠቆረ ቁጡ ናት፣ ቀናተኛ ናት፣ ስትጨፍር አገር ታቃጥላለች ተብሎ ይታመን ነበር። መጨፈር ጨርሶ አትችልም፤ ቁጣዋንም ያየ ሰው የለም። ስታገባ አማቷ፣ ልጄ የሩቅ አገር ሰው አገባ ብላ አለቀሰች፤ የኪርስተን ቤት ግን የሚቀጥለው መንደር ነበር። ማግኑስ ቢጫ ፀጉር ይዞ ሲወለድ ይቺው አማት እፎይ አለች። ቤተሰቡ እስከ ዛሬ «ጥቁሯ» ነው የሚላት። እሷም ስድቡን ልሽሽ ብላ ፀጉሯን ቢጫ ስትቀባ ዕድሜዋን ፈጀች።

ሐረገወይን ማበጠሪያውን አስቀመጠች። ወረቀት የመሰለችን ሴት ጥቁር! ሰውን በፀጉሩና በዓይኑ የሚለይ ምን ዓይነት ጉድ ሕዝብ ነው አለች በሆዷ፤ ይህን ስትል የራኬብን ፀጉር የምታስተኛበት ካውያ አጠገቧ እየጋለ ነበር። ከዚያ በአዘኔታ ቀለሙን አንስታ፣ ቢጫውን ልድገምልሽ ወይ አለቻት።

ኪርስተን ራሷን ነቀነቀች። ቢጫው ይበቃኛል፣ እንደ ጥንቱ ጥቁር አድርጊልኝ አለች።

ሐረገወይን ክው አለች። ገበያነሽ፣ ፎቶው፣ የስንዴው ነዶ ሁሉ ባንዴ ታያት። ከሠርግ በፊት ቀለም መቀየር ጥሩ አይደለም ብላ ደንበኛ የምታስፈራራበትን ሁሉ ሞከረች። በመጨረሻ፣ ዕድሜ ልክሽን ቀብተሽ ዛሬ ምን ተገኘ አለቻት።

ኪርስተን ክንዷን በፍቅር ያዝ አደረገች። «ራኬብ መጣችልኛ» አለች። «ከእንግዲህ በቤታችን ጥቁሯ እኔ አይደለሁም።»

ፊቷ ላይ ቅንጣት ክፋት አልነበረም። ሸክም ያወረደ ሰው ደስታ ነበር።

ሐረገወይን ጎድጓዳውን የቀለም ሳህን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ዞር ስትል ካስኩ ጠፍቷል፤ ራኬብ እጇ ማጥፊያው ላይ እንዳለ ትመለከታታለች። ሁሉንም ሰምታለች።

«ሰማሽ የምትለውን?» አለች ሐረገወይን ባማርኛ። «ልጄን በቀለሟ ሊጠሯት! ማግኑስም ይቅርብኝ፣ ሠርጉም ይቅርብኝ። አላደርገውም!»

ራኬብ ፊቷ ላይ የወረደውን ቢጎዲን ወደ ቦታው መለሰች። ፈገግ ያለች ትመስል ነበር።

«ማሚ፣ ኢትስ ፋይን» አለች። «እሱ እንኳ አይከብደኝም፤ ለምጄዋለሁ። ካንቺ ቤት አይደል የምሄደው?»

ኪርስተን በመስታወቱ ሁለቱን እያፈራረቀች አየቻቸውና፣ ልጅቷ ምን አለች ብላ ጠየቀች።

ሐረገወይን ልትተረጉምላት አፏን ከፈተች። እንግሊዝኛውን ታውቀዋለች፤ ከአፏ የወጣው ግን «እሺ፣ ጥቁሩን ልቀባሽ» የሚል ነበር።