የበፍታው ቀሚስ

አክስቴ አዊልዳ ሳን ሁዋን ወደብ ላይ ካውያዋን ተቀማች። ሻንጣዋ በመፈተሻው ሲያልፍ ጠባቂው ጠረጠረና ከፈተው፤ ከአንዱ ጫማ ውስጥ በካልሲ የተጠቀለለች ትንሽ የጉዞ ካውያ መዥረጥ አድርጎ አወጣ።

«እማማ፣ ይሄ መርከብ ላይ አይገባም። እሳት ያስነሳል» አላት።

«ዕድሜ ልኬን ስተኩስ ቤት አቃጥዬ አላውቅም፣ ልጄ።»

«መርከብ ቤት አይደለማ።»

«እሱማ ያስታውቃል። ቤት ቢሆን ካውያ ይኖረው ነበር!»

ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። ከሁሉም በላይ የሳቀችው ታናሽ እህቷ ኒድያ ነበረች። «እትዬ፣ ካውያውን አስገብተው አንቺን ቢያስቀሩሽ ይሻል ነበር። ያለ እሱ ምን ልትሠሪ ነው?»

«ዝም በይ፣ አንቺ ጭምድድ!»

እኔ በመሃላቸው ቆሜ ደስ አለኝ። ከአያቴ፣ ከእናታቸው ቀብር ወዲህ ሁለቱ ሲቀላለዱ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ተጣልተው አልነበረም። ግን ስም የሌለው ቅያሜ መሃላቸው ገብቶ፣ ለበዓል ካልሆነ ስልክ አይደዋወሉም ነበር። አባቴ ወንድማቸው ነውና ነገሩ አሳሰበው። «አንድ የሽርሽር መርከብ ላይ እንጫናቸው፤ ባሕር መሃል ወዴት ይሸሻሉ?» አለ። እኔን ኢቬሊስን ደግሞ እንደ መሃል ትራስ አብሮ ሰደደኝ።

አክስቴ አዊልዳ በምትኖርበት በማያጉዌዝ ከተማ በልብስ ትታወቃለች። ባሏ በሕይወት ሳለ የውስጥ ሱሪው ሳይቀር ይተኮስለት ነበር ይባላል፤ እውነት ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ኒድያ ደግሞ ምን እንደለበሰች የምታስታውሰው ማታ ስታወልቀው ነው። አላገባችም። ሞካ በሚባል ሌላ ከተማ አያቴ ቤት ቀርታ፣ አያቴን እስከ መጨረሻው ያስታመመቻት እሷ ናት። አዊልዳ እሁድ እሁድ ትመጣ ነበር።

ሦስታችንም አንድ ክፍል ደረሰን፤ ሁለት ጠባብ አልጋ፣ ለኔ የሚዘረጋ ሶፋ፣ ወደ ባሕሩ የሚያይ ሚጢጢ በረንዳ። መርከቡ ገና ከወደቡ ሳይላቀቅ አዊልዳ ሥራ ጀመረች። ልብሶቿ ሁሉ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልለው፣ በየመሃላቸው ስስ ወረቀት ገብቶላቸው ነው የመጡት። አንድ በአንድ ፈታ ሰቀለቻቸው። ከዚያ የኔን ሻንጣ ከፈተች፤ ማንም አልጠየቃትም። ያገኘችውን ሁሉ የሻወሩ ዘንግ ላይ ደርድራ፣ የፈላውን ውሃ ለቃ፣ በሩን ዘጋች።

«አክስቴ፣ ሽንት ቤት ልገባ ነበር» አልኳት።

«ቆይ! ሸሚዝሽ እየተፈታታ ነው።»

«እኔስ?»

«አንቺ ወጣት ነሽ፣ ትችያለሽ።»

እንፋሎቱ ሲበርድ ገብታ እጇን ውሃ እየነከረች ልብሱን ከላይ ወደታች ታሻሸዋለች፣ ጫፉን ሳብ ታደርገዋለች፣ አንገትጌውን በሁለት ጣቷ ትቆነጥጠዋለች። ያለ ካውያም ያምርላት ነበር፤ መቼም አይካድም።

የኒድያ ሻንጣ ሲከፈት ነው ነገር የመጣው። ልብሱ ሁሉ እንደ ጎመን ተጠቅጥቋል። ከሥሩ ግን፣ በትራስ ልብስ ተጠቅልሎ በጥንቃቄ የተቀመጠ ነገር ነበር። ፈታችው። የአያቴ ነጭ የበፍታ ቀሚስ ነው፤ አንገቱና የእጅጌው ጫፍ ላይ ያለውን ዳንቴል አያቴ ራሷ ዓይኗ ሳይደክም የሠራችው። ወገቡ ላይ ተሰባስቦ ተጨማዷል፤ ክርኑ ላይ እንደ አኮርዲዮን ሆኗል።

«ሁሉም ዘንጦ በሚወጣበት የራት ግብዣ ላይ ይሄን ነው የምለብሰው» አለች ኒድያ።

«እንደዚህ ሆኖ?» አዊልዳ እጇን ዘረጋች። «እማዬ ብታይሽ ከመቃብሯ ትነሳ ነበር። አምጪው፣ በእንፋሎት ብቻ...»

«አትንኪብኝ፣ እትዬ።»

«ሴትዮ፣ ሰው ምን ይላል?»

«ሰው የፈለገውን ይበል። እኔ እንዳለ ነው የምወደው። አትንኪብኝ አልኩ።»

ድምፅዋ ቀልድ አልነበረበትም። መልሳ በትራስ ልብሱ ጠቀለለችና ቁም ሳጥኑ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አኖረችው። አዊልዳ ወደኔ ዞራ ቅንድቧን አነሳች፤ «ስንፍናን እንደ ሃይማኖት ስትይዘው አየሽ?» ማለቷ ነው።

ሴንት ቶማስ ደሴት ስንደርስ አዊልዳ አልወረደችም። የበፍታ ሱሪዋ ጉልበቱ ላይ ተጨማዶባት ነበር። ኒድያ በረንዳው ላይ ቆማ ጠራቻት።

«እትዬ፣ ነይ ውጪና ባሕሩን እዪው! ማንም አልተኮሰውም፤ ግን ያምራል።»

«ይቺን ልጨርስና እመጣለሁ።»

አልመጣችም። እኔና ኒድያ ወርደን ዋኝተን፣ የተጠበሰ አሣ በልተን፣ ፀሐይ አቃጥሎን ተመለስን። አዊልዳ ጉልበቱ ቀጥ ያለ ሱሪዋን ለብሳ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጣ ጠበቀችን።

ሴንት ኪትስ ደሴት የደረስንበት ቀን ነበር ግብዣው። በማለዳ ኒድያ ድሮ ሸንኮራ ይጭን በነበረው ባቡር ደሴቲቱን እንዙር አለች። አዊልዳን ለመነቻት፤ እምቢ አለች። «ለማታው ልብሳችንን ማን ያሰናዳል? ሂዱ፣ ሂዱ» ብላ በሩን ከኋላችን ዘጋችው።

ባቡሩ ከሸንኮራው እርሻ ፍርስራሽ መሃል በዝግታ ይሄዳል። ኒድያ ብዙ አታወራም ነበር፤ ያን ቀን ግን ሳልጠይቃት ስለ ቀሚሱ ነገረችኝ።

«መጨረሻ የለበሰችው በእናቶች ቀን ነው» አለችኝ። «ቤተ ክርስቲያን ወሰድኳት። ስንመለስ ደከማትና እንደለበሰች ሶፋው ላይ ተኛች፤ እስኪመሽ አልቀሰቀስኳትም። ያን ቀን ካወለቀችው በኋላ አላጠብኩትም። ወገቡ ላይ ያለው እጥፋት የተቀመጠችበት ነው። ክርኑ ላይ ያለው፣ እጇን እንዲህ ትራስ አድርጋ የተኛችበት ነው። አንገቱን ሳሸተው ፊት ለፊቴ ያለች ይመስለኛል። ከሞተች በኋላ ስንት ቀን አውጥቼ አቅፌዋለሁ መሰለሽ።»

«ለምን ለአክስቴ አትነግሪያትም?»

«ብነግራት ወይ ትስቅብኛለች፣ ወይ ታለቅሳለች። ሁለቱንም አልችልም፣ ልጄ። ግን ዛሬ ማታ እለብሰውና፣ አጠገቤ ስትቀመጥ ራሷ ሽታውን ትሰማው ይሆናል። ያኔ እነግራታለሁ።»

ስንመለስ አዊልዳ በሩን ራሷ ከፈተችልን። ጉንጮቿ ቀልተዋል፤ ፀጉሯ በላብ ግንባሯ ላይ ተጣብቋል። እንደ ሕፃን ደስ ብሏታል።

«ዓይናችሁን ጨፍኑ! ጨፍኑ እንጂ! አሁን ግለጡ!»

ቀሚሱ በረንዳው በር ላይ ተሰቅሏል። ከኋላው የከሰዓቱ ፀሐይ ያበራበታል። እንደ ወረቀት ቀጥ ብሏል፤ አንድ መስመር የለበትም። ዳንቴሉ ገና ዛሬ ከእጅ የወጣ ይመስላል፤ ቅጠሉ፣ አበባው፣ ቀዳዳው ሁሉ በየቦታው።

«ክፍል አጽጂው ለልብስ አጣቢዎቹ ልስጥልሽ አለኝ፤ ለማንም አልሰጥም አልኩት» ትላለች አዊልዳ እየተጣደፈች። «በሻምፑ አጠብኩት፣ ፎጣ ውስጥ ጠቅልዬ ቆሜበት ውሃውን አስመጠጥኩ፣ ከዚያ ፍራሽ ሥር ዘርግቼ ራሴ ጋደም አልኩበት። የቀረውን እርጥበት በፀጉር ማድረቂያ። ዳንቴሉን ደግሞ በኢቬሊስ የፀጉር ፒያስትራ፣ መሐረብ ጣል እያደረግሁ፣ አበባ በአበባ! ካውያ ከለከሉኝ አይደል? ይኸው!»

ኒድያ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች ወደ ቀሚሱ ሄደች። አፍንጫዋን አንገቱ ላይ አስጠጋች። ቆየች። ከዚያ የቀኙን እጅጌ ክርን በጣቶቿ ዳሰሰችው፤ የጠፋ ነገር እንደሚፈልግ ሰው።

«አጠብሽው» አለች።

«ምን ላድርግ ታዲያ? አንቺ፣ ቢጫ ውሃ እኮ ነው የወጣው! መታጠቢያው ሙሉ!»

«የሷ ነበር።»

«ምኑ?»

«ቢጫው።» ኒድያ ዘወር አለች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለን ነበር። «እሷ ከለበሰችው ወዲህ አላጠብኩትም ነበር። ወዟ፣ ሽታዋ፣ የተኛችበት እጥፋት፣ የቀረኝ እሱ ነበር። እናታችንን ነው በመታጠቢያው ያፈሰስሻት፣ እትዬ።»

አዊልዳ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «አልነገርሽኝም» አለች።

«አትንኪብኝ ብዬሻለሁ።»

«ለምን እንደሆነ አልነገርሽኝም...»

«አዎ» አለች ኒድያ። «አልነገርኩሽም። እሱንም ዕድሜዬን ሙሉ ሳስበው እኖራለሁ።»

ማታ ኒድያ ቀሚሱን ለበሰችው። አዊልዳ «ተዪው፣ እባክሽ፣ ሌላ ልበሺ» ብላ ለምናት ነበር። «እለብሰዋለሁ ብያለሁ፣ እለብሰዋለሁ» አለች ኒድያ፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ። አዳራሹ መግቢያ ላይ ፎቶ አንሺው አስቆመን። ደስተኛ ሰው ነበር፤ ሥራው ነው።

«እንዴት ያለ ቀሚስ ነው! መርከቡ ላይ እንዲህ ንጹሕ የተተኮሰ ልብስ አላየሁም። ማን ነው የባለሙያው እጅ?»

ኒድያ ወደ እህቷ ጠቆመች። «እሷ ናት» አለች።

አዊልዳን ሰው ስለ ልብስ ሲያመሰግናት አንገቷን ሰበር አድርጋ ፈገግ የማለት ልማድ ነበራት። ያን ማታ ግን በጥፊ እንደ ተመታ ሰው ነበር የሆነችው። ራት ላይ ኒድያ በላች፣ ጨው ስትጠየቅ አቀበለች፣ ስለ ባቡሩ ለጎረቤት ገበታ ሰዎች አወራች። አዊልዳ ሹካዋን አላነሳችም።

በማግስቱ ጧት ማርቲኒክ ደሴት ሲታየን አዊልዳን የመርከቡ ላይኛው ደርብ ላይ ብቻዋን አገኘኋት። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሳታየኝ ተናገረች።

«እሁድ እሁድ የእማዬን አንሶላ ተኩሼ ስወስድ ታስታውሺያለሽ?»

«አስታውሳለሁ፣ አክስቴ።»

«እዚያም ደርሼ እተኩስ ነበር። መጋረጃውን፣ የሌሊት ልብሷን፣ ፎጣውን ሳይቀር። ‹አዊልዳ፣ ነይ አጠገቤ ተቀመጪ› ትለኛለች። ‹ይቺን ልጨርስና እማዬ› እላታለሁ። አጠገቧ መቀመጥ ፈርቼ ነበር። ስትከሳ፣ ስታንስ፣ እጄን ይዛ ዝም ስትል... እጄ ሥራ ከያዘ ዓይኔ አያያትም። ሰው ደግሞ እንዴት ያለች ልጅ ናት ይላል። ኒድያ ግን ታውቅ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልተናገረችኝም።»

አክስቴ ጠንካራ ናት ብዬ ነበር ያደግሁት። እጇን ያዝኩት፤ ጣቷ ላይ በፒያስትራው የተቃጠለችበት ቆስሎ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ወደብ ላይ ሁለቱ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ፣ እያንዳንዳቸው ወደየመኪናቸው ሄዱ። አባቴ «እንዴት ነበር?» ሲለኝ «ባሕሩ ጥሩ ነበር» አልኩት።

የዝናቡ ወር ሲገባ አዊልዳ ሞካ አድርሺኝ አለችኝ። ኒድያ በር ከፍታ ባየችን ጊዜ አልተገረመችም፤ አልሳቀችም ግን። አረንጓዴ ሙዝ ቀቅላ፣ ባካላው ከሚባለው በጨው የደረቀ አሣ ጋር በሽንኩርትና በዘይት አቀረበች። ስለ ዝናቡ ተወራ፣ ስለ ጣሪያው ተወራ። ከዚያ አዊልዳ ሳህኗን ገፋ አደረገችና ጠየቀች፣

«እማዬ በመጨረሻዎቹ ቀናት ምን ታወራ ነበር?»

ኒድያ ሹካዋን አስቀመጠች። «ይሄን ስትጠይቂኝ የመጀመሪያሽ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ብዙ አታወራም። አንድ ቀን ግን አንቺን መሰልኳትና፣ ከሰዓቱን ሙሉ አወራችኝ።»

«እኔን? ምን አለችኝ?»

«ስለ ጎረቤት አውራ ዶሮ። ጎህ ሳይቀድ እየጮኸ እንቅልፍ እንደነሳት፣ አንገቱን ጠምዝዘሽ ሾርባ እንድትሠሪላት። ሌላ ምንም የለም፣ እትዬ። ስለ ዶሮው ብቻ። ‹እሺ እማዬ› አልኳት። አዊልዳ አይደለሁም አላልኳትም።»

አዊልዳ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ ሳይጨርስ ወደ ልቅሶ ዞረ። ኒድያ ተነስታ አላቀፈቻትም። ወንበሯን ግን ወደ እሷ አስጠጋች።

«ድገሚልኝ» አለች አዊልዳ። «ከመጀመሪያው፣ ምንም ሳታስቀሪ።»

ኒድያ ከመጀመሪያው ጀመረችላት።