ሚስማር የሌላት ጀልባ

በስድሳ ሰባት ግንቦት ቆርቆሮው ከመካነ ሰላም በበቅሎ መጣ፤ ሚስማሩ ሳይመጣ ቀረ። የአዲሱ ገበሬ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ግድግዳው ቆሞ ጣራ አጣ። ሊቀ መንበሩ አቶ አምባቸው፣ በዓባይ ወንዝ መሐል አሸዋ ላይ የቀረችውን አሮጌ ጀልባ ያስታወሱት ያን ጊዜ ነው።

«ነገ እናቃጥላታለን፤ ሚስማሩን ከአመዱ እንለቅማለን። ክረምት ከገባማ ውኃው ይወስዳታል» አሉ።

«ሚስማር የላትም» አለች ዘይነባ ከሴቶቹ መሐል።

ሰዉ ሳቀ። ረኀቡ ከገባ ወዲህ እንዲያ ተስቆ አያውቅም። ጀልባዋን የሠራት ሟቹ ባሏ ሺፋ ነበር፤ ሞፈር ጠራቢ፣ ወደ ጎጃም ተሻጋሪም አሻጋሪ። መንገደኛ ሲጠፋ እዚያው ትቷት መጣ፤ በሳምንቱ ራሱም ወደ አኼራ ተሻገረ። «ስሠራት ሚስማር አልነካኋትም» እንዳለ ሞተ፤ አገሩም ውሸታም እንዳለው ቀበረው።

«ዋሽቶ ከሆነ አቃጥሏት» አለች። «እውነቱን ከሆነ ግን ምን ታደርግላችኋለች? ሰው ይሂድና በእጁ ዳስሶ ይመስክር።»

ካሳ ተላከ፤ ዘይነባም አብራው ወደ ወንዙ ወረደች። ከሁሉም አብልጦ የሳቀው እሱ ነበርና ምስክርነቱ ይታመናል።

ካሳ ለመሻገሪያ አራት ስልቻ ነፋ። ባዶ ስልቻ በየቤቱ ሞልቷል፤ የጠፋው እህሉ ነው። በላዩ ቃሬዛ አሰረ፤ በእነዚያ ዓመታት ሥራ ያልፈታው ቃሬዛ ብቻ ነበር። መቅዘፊያ ሲፈለግ፣ ምርት ማዝራት የረሳ ላይዳ ተገኘ።

«በቁሜ ቃሬዛ ላይ አወጣኸኝ፣ አንተ ካሳ።»

«አብሽሩ እት ዘይነባ። በዚህ ቃሬዛ ሄዶ በመመለስ የመጀመሪያዋ አንቱ ይሆናሉ።»

«አዞው ይህን ያውቃል?»

«የነገረው ያለ አይመስለኝም። እግርዎን ይሰብስቡ።»

ጀልባዋ ከሩቅ የሞተች ላም ትመስል ነበር። ሲቀርቧት ግን አንገቷን ቀና እንዳደረገች ነው። ካሳ ከአፍንጫዋ ጀመረ። የዋንዛው ሳንቃ ጥርስ ለጥርስ ተናክሷል፤ በየመጋጠሚያው የወይራ ሽብልቅ ገብቶበታል። ዳሰሰ። አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ እንደገና ዳሰሰ። በደረቱ ተኝቶ ከሥሯ ገባ።

«ይቺ እኮ ሞፈር ናት!» አለ ከሥር። «ሰውየው ውኃ የሚያርስ ሞፈር ነው የጠረበው!»

«ሳንቃው ተላቅቋል መሰለኝ» አለች ዘይነባ ልቧ ፈርቶ።

«ደርቃ ነው እንጂ። ውኃ ስትጠጣ ወይራው ያብጥና ይነክሳታል። አየ እጅ!»

ከሥሯ ወጥቶ እየዳሰሰ ወደ ኋላዋ አለፈ።

«እት ዘይነባ… አንድ አለ።»

ከኋላ፣ ቀዛፊው ከሚቀመጥበት አጠገብ፣ ራሱ የዛገ ሚስማር ወጥቷል። ጎንበስ ብላ አየችው። ከሥሩ ያለው እንጨት በሚወዛወዝ ነገር ተፍቆ ልሟል። ሳቅም እንባም ቀደማት።

«መቁጠሪያውን የሚሰቅልባት ናት። እየቀዘፈ ዚክር ሲያደርግ እጁ አይበቃውማ!»

ካሳ ሚስማሩን በድንጋይ እያነቃነቀ ነቀለው። ሳይመሽ ከዋርካው ሥር ጉባኤው ፊት መዳፉን ከፈተ።

«ያላት አንድ ነው። እሱም የጀልባዋ አይደለም፣ የመቁጠሪያው ነው። በአንድ ሚስማር የሚቆም ጣራ ካላችሁ ውሰዱት። ሺፋ ግን አልዋሸም። እኔ ነኝ ያለ አወቅሁ ባይ ነበርኩ፤ ወላሂ አፈርኩ።»

ካሳ ክርስቲያን ነው፤ መሐላውን ግን ማንም አላረመውም። አቶ አምባቸው ሚስማሩን አገላብጠው አዩና «ዝጓል» ብለው ለዘይነባ ሰጧት። ጽሕፈት ቤቱ ያን ክረምት ሣር ለበሰ።

ሰኔ አጋማሽ ዓባይ ቀልቶ መጣ። ሰዉ ገደሉ አፋፍ ላይ ወጣ። ጀልባዋ ሦስት ቀን ውኃ ጠጣች፤ በአራተኛው ቀን ተነሣች። አንዴ ዞረችና አፍንጫዋን አቀናች፤ ያለ ቀዛፊ፣ አንድ ሳንቃ ሳትጥል ቁልቁል ወረደች።

«ሚስማር የላትም» አለ ካሳ፣ ከከላላ ለመጣ እንግዳ።

«ነገርከኝ እኮ፣ ሦስቴ።»

«ገና መቼ ነገርኩህ!» አለ ካሳ።

ዘይነባ የዛገውን ሚስማር በነጠላዋ ጫፍ እንደቋጠረች ጀልባዋን እስክትሰወር ሸኘቻት።