ኦፓል የተባለችው ልጅ

ሸጌ ልጇን ለአሥረኛው ሳምንት ክትባት ይዛ ገነተ ማርያም አጠገብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ስትወጣ፣ የልጅቱን ስም ገና ለማንም አልተናገረችም ነበር። ስሙን ያወጣው ባሏ ደግሰው ነው። ደላንታ፣ ገደል ውስጥ ኦፓል ከሚቆፍርበት ቦታ ደውሎ «ኦፓል በያት» አላት።

«ምን ማለት ነው ደግሞ?» ብትለው ሳቀ።

«እኛ የምንቆፍረው ድንጋይ ነዋ! ሲያዩት ውሃ ይመስላል፤ ገልበጥ ስታደርጊው ግን ውስጡ ቀይና አረንጓዴ እሳት አለ። ለክርስትናዋ እመጣለሁ፣ ያኔ አሳይሻለሁ።»

ይህን ካላት ዘጠኝ ቀን ሆነው። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ዝግ ነው።

አብራት የወጣችው ጎረቤቷ ሰብሌ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። የሰብሌ ባል ምሥጋናውም ከደግሰው ጋር አንድ ጉድጓድ ውስጥ ይቆፍራል፤ የእሱም ስልክ አይሠራም። ሁለቱ ሴቶች መንገዱን ሙሉ ስለ በቆሎው፣ ስለ ፀሐዩ፣ ስለ ሰብሌ እግር ማበጥ ሲያወሩ ስልክ የሚለውን ቃል አላነሡም።

ክትባት የምትሰጠው ሲስተር ንጋት ካርዱን ገለጠች። «ባለፈው ስም ገና ነው ብለሽ ቦታውን ባዶ አስተውሽኝ። ዛሬስ?»

«ኦፓል።»

ንጋት ፈገግ አለች። «አራተኛዋ! ከመስከረም ወዲህ ሦስት ኦፓል ጽፌያለሁ። ድሮ አልማዝ ነበር፣ ዕንቁ ነበር። አሁን አባቱ ደላንታ የሄደ ልጅ ሁሉ ኦፓል ሆነ።»

ይሄኔ ወረፋ ከሚጠብቁት አንዷ ወደ ጎረቤቷ ጠጋ ብላ «ደላንታ ጉድጓድ ተንዶ ሰው ቀረበት አሉ እኮ። ቅዳሜ ገበያ ነው የሰማሁት» አለች።

ቀስ ብላ ነበር የተናገረችው፤ ሸጌ ግን እያንዳንዷን ቃል ሰማች። ዘወር ስትል የሰብሌ ከንፈር ነጭ ሆኗል።

«ቆይ ሲስተር፣ አትጻፊው» አለች ሸጌ።

ቤት ስትደርስ አማቷን እማማ የሺሃረግን ደጅ ላይ አገኘቻቸው። የደግሰው እናት ናቸው። ወሬው ቀድሟት እሳቸውም ጋ ደርሷል።

«ሌላ ስም አውጪላት» አሉ ሳያዩዋት። «ጥሩ ስም ሞልቷል። ልጄን የወሰደውን ድንጋይ እኔ ቤቴ ውስጥ አልጠራውም።» ከዚያ የተናገሩትን እንደ ሰሙ ሁሉ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ሸጌም ልጅቱን ይዛ ገባች።

ኔትወርክ የሚገኘው ከመንደሩ በላይ ካለው ኮረብታ ላይ ብቻ ነው። በየቀኑ ከሰብሌ ጋር ይወጣሉ። አንዷ ስትደውል ሌላዋ ፊቷን ታያለች። «የደወሉላቸው ደንበኛ አሁን ሊያገኟቸው አይችሉም» ትላለች በስልኩ የተቀዳችው ሴት። ጤና ጣቢያ ወሬውን ያወራችው ሴትዮም ስትጠየቅ የሞተውንም የተረፈውንም አታውቅም።

ክርስትናው ሦስት ቀን ሲቀረው ሸጌ የነፍስ አባቷ አባ ወልደ ኪዳን ዘንድ ሄደች።

«አባ፣ ስም ክፉ ነገር ይጠራል?»

«የክርስትና ስሟን የምናወጣው እኛ ነን። የቤት ስሟ የእናንተ ነው። ድንጋይም ቢሆን ፈጣሪ የሠራው ነው፣ ምን ያደርጋል?» አሉና አዩዋት። «አንቺ የምትፈሪው ስሙን ነው ልጄ?»

ሸጌ መስቀል ተሳልማ ወጣች። ወደ ቤት ስትመለስ ግን ነገሩ መሐል መንገድ ላይ አቆማት። ደግሰው መልስ መስጠት በማይችልበት ሰዓት ቃሉን ብትሽረው፣ እንደሞተ ሰው ቆጠረችው ማለት ነው። በልቧ ቀበረችው ማለት ነው። መንገዷን ቀይራ ጤና ጣቢያ ገባችና ንጋትን «ጻፊው» አለቻት።

«ኦፓል ብዬ?»

«አዎ። ቶሎ ጻፊው፣ ሐሳቤን ሳልቀይር።»

በሰማንያኛው ቀን ጠዋት ልጅቱ ክርስትና ተነሣች። ወለተ ሥላሴ ተባለች። የክርስትና እናቷ ሰብሌ ናት። ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሲወጣ፣ ሕፃኗን ታቅፋ ከሸጌ ጎን ቆማ ነበር። ግንባሩ በጨርቅ የታሰረ፣ ልብሱ አፈር የለበሰ ሰው ሽቅብ ሲመጣ አዩ። ደግሰው ነው። እማማ የሺሃረግ እልልታቸውን ለቀቁት። የሸጌ ዓይን ፊቱ ላይ ተተከለ። ሰብሌ ግን የደግሰውን ፊት አላየችም፤ ከኋላው ያለውን ባዶ መንገድ ነበር የምታየው።

«ምሥጋናውስ?»

«ደሴ ሆስፒታል ነው» አለ ደግሰው። «ጉድጓዱ ሲናድ እግሩ ተያዘ። ሁለት ቀን ሙሉ ቆፍረን አወጣነው። ስልኮቻችን የእናንተን ቁጥር እንደያዙ እዚያው ቀሩ። ጥዬው መምጣት አልቻልኩም። ደህና ነው፣ ሰብሌ።»

ሰብሌ ሕፃኗን ለሸጌ አቀበለቻት። «ውሸት ነው። ሰው ሲሞት ታመመ ነው የሚባለው። አባቴ ሲሞት ለእናቴም እንዲህ ነው ያሏት!»

አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መልበስ ጀመሩ። ደግሰው «ተዉ!» ብሎ ጮኸ። «ማርያምን በሕይወት አለ!» ግን የሚያምነው አልነበረም። ሸጌ ራሷ አላመነችውም፤ ባሏ ሲዋሽ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን ታውቃለች፣ አሁን ግን ከድካሙ የተነሣ ልታነበው አልቻለችም።

«እንውጣ፣ እንደውልለት» አለች።

ኮረብታውን ወጡ። ደግሰው ከፊት፣ ሰብሌ ሆዷን ይዛ፣ ሸጌ ልጇን አዝላ ከኋላ። ደግሰው ቁጥር የጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ነበረችው፤ ምሥጋናው ከተኛበት አጠገብ በሽተኛ የሚያስታምም ሰው ቁጥር ነው። በመጀመሪያው ጥሪ የሚያነሣ ጠፋ። ሰብሌ መሬት ላይ ተቀመጠች። በሁለተኛው አንድ እንግዳ ድምፅ «ማን ልበል?» አለ።

«የምሥጋናው ሚስት ነኝ» አለች ሰብሌ።

«ቆይ… ተኝቷል መሰለኝ።»

ከዚያ የጨርቅ መንኮሻኮሽ፣ የሆነ ሰው ሳል። ሰብሌ ዓይኗን ጨፈነች።

«ሰብልዬ?»

የምሥጋናው ድምፅ ነው። ሰብሌ በእጇ መሬቱን መታች። በመጨረሻ «አንተ ክፉ» አለችው፣ ከዚያ ረጅም ጊዜ አለቀሰች። እግሩ ይቆረጥ አይቆረጥ ሐኪሞቹ ነገ እንደሚወስኑ ሲነግራት «እመጣለሁ፣ እኔ ሳልደርስ እንዳይነኩህ» አለችው።

ሲወርዱ ደግሰው ቀስ ብሎ «ስሟን ምን አላችኋት?» አለ።

«ያልከውን።»

ደግሰው ወደ ሕፃኗ ዘወር ብሎ አየ። «ሌላ ብታወጪላት አይከፋኝም ነበር።»

«ተጽፏል» አለች ሸጌ።

ሰብሌን ነገ በማለዳው መኪና እሱ ራሱ ደሴ እንዲያደርሳት ተስማሙ። ሸጌ የልጇን አንገት ቀና አድርጋ፣ «ከደሴስ ወዴት ነህ?» ብላ ጠየቀችው።

«ወደ ቤት» አለ ደግሰው።

ወደ ጉድጓዱ ይመለስ እንደሆነ ፊቱን ልታነበው ሞከረች።