ጣይባ ምጥ የፈራችበት ክረምት

ጣይባ ሆዷ ገፋ ብሎ መታየት ከጀመረ ወዲህ ለሞቷ መሰናዳት ያዘች። አዲሱን ኩታዋን "እኔን ምን ያደርግልኛል" ብላ ለጎረቤቷ ሰጠች። የዶሮዎቿን ነገር ለሌላዋ ጎረቤት አደራ አለች። አመሻሽ ላይ ባሏ ጀላል ከሥራ ሲገባ እግሩን ታጥበውና፣ "አውፍ በለኝ፤ ያስቀየምኩህ ነገር ካለ አላህ ፊት እንዳታቆመኝ" ትለዋለች። ጀላል መጀመሪያ ላይ ይስቅ ነበር። ስትደጋግምበት ግን ሳቁ ጠፋ።

ያለ ምክንያት አልነበረም። ታላቅ እህቷ ለይላ ቢስቲማ ተድራ ሄዳ እዚያው በመጀመሪያ ልጇ ምጥ ሞታለች። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ "በወሊድ የሞተች ሸሂድ ናት፤ ቦታዋ ጀነት ነው" እያለ ጣይባን አጽናናት። ጣይባ ከዚያ ሁሉ ቃል ጆሮዋ ውስጥ የቀረው "በወሊድ የሞተች" የሚለው ብቻ ነበር። ስታገባ ፈራች። ስታረግዝ ፍርሃቱ አብሯት ተኝቶ አብሯት የሚነሳ ሆነ።

ጊዜው ጣሊያን ደሴ ከገባ ሦስተኛው ክረምት ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣው የመኪና መንገድ እየተሠራ ነበርና ጀላል ሐረጎ ዳገት ላይ ከድንጋይ ፈላጮቹ ጋር ሥራ ገብቷል። ጎህ ሲቀድ ካሚዮን ላይ ተንጠላጥሎ ይሄዳል፤ ማታ ጭቃ ለብሶ ይመለሳል። ድማሚት ገደሉን እንዴት እንደሚያፈርሰው፣ ጭነት መኪና ጠርዝ ስቶ ወደ ታች ሲወርድ ምን እንደሚመስል፣ ቦርከና ሲሞላ ሰውና ከብት እንደሚወስድ እራት እየበላ ያወራላታል። ጣይባ ትሰማዋለች፤ ወጥ ትጨምርለታለች። ወንድ ልጅ ወጥቶ ይገባል፣ ይኸው ነው። ስለ እርሱ ሰግታ አታውቅም፤ ስጋቷን ሆዷ ጠቅልሎ ወስዶታል።

ወሯ ሲገባ ጀላል መላ ዘየደ። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አጠገብ የሚኖሩት አክስቱ ሸሪፋ የታወቁ አዋላጅ ናቸው። አንድ ቀን ጠዋት ጨው የጫነ ካሚዮን ላይ ጣይባን አሳፈራትና ከሚኖሩበት ከኮምቦልቻ ይዟት ወጣ።

ሸሪፋ አጭር፣ ወፍራም፣ ድምፃቸው ጎላ ያለ ሴት ነበሩ። ጣይባን ደጃፉ ላይ አቅፈው ሳሟት፤ ጀላል ወደ ሥራው ሲመለስ እርሷን መደብ ላይ አስቀምጠው ቂጣና እርጎ አቀረቡላት። ጥቂት እንደቀመሰች አልቻለችም፤ እንባዋ መጣ።

"ምነው ልጄ?"

"እትዬ፣ አልተርፍም። ሬሳዬን ኮምቦልቻ እንዲያወርዱልኝ ለጀላል ይንገሩልኝ።"

ሸሪፋ አልተቆጡም። አጠገቧ ተቀመጡና፣ "እሺ፣ እነግረዋለሁ" አሉ። "አሁን አንቺ ንገሪኝ። ከኮምቦልቻ በምን መጣሽ?"

"በካሚዮን።"

"ውስጥ ከሾፌሩ ጋር?"

"ውስጥ ቦታ አልነበረም። ከላይ፣ ጨው ጆንያው ላይ።"

"ዝናብ ነበር?"

"ካፊያ ነበረ።"

"ሐረጎ ላይ አላንሸራተተም?"

"ጠመዝማዛው ላይ ትንሽ አንሸራተተ። ረዳቱ ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቀለት።"

"ታዲያ ያን ጊዜ አልፈራሽም?"

ጣይባ ግራ ገባት። "ምን ያስፈራል? እንዲያውም ነፋሱ ደስ ይል ነበር።"

ሸሪፋ ሳቁ። ሆዳቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁና ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠራረጉ። "ወላሂ፣ እኔ እዚያ መኪና ላይ ከምወጣ አንድ ልጅ ብወልድ ይሻለኝ ነበር፤ በዚህ ዕድሜዬ!" አሉ።

ጣይባ ሳይታወቃት ፈገግ አለች። ሳቁ ሲበርድ ሸሪፋ ስለ ለይላ ጠየቋት፤ ማንም ጠይቋት በማያውቀው መንገድ። ከማማጧ በፊት ጤነኛ ነበረች? አይደለም፣ ቆላ ወርዳ ወባ ይዟት ነበር፤ ንዳዱ አልለቀቃትም፤ መላ ሰውነቷ ገርጥቶ ነበር። ምጡ ስንት ጊዜ ወሰደ? ቀናት። ማን ነበረ አብሯት? የባሏ እናት ብቻ፤ ወንዝ ሞልቶ አዋላጅ የሚያመጣ ጠፋ።

"አላህ ይዘንላት" አሉ ሸሪፋ በመጨረሻ። "አንቺ ግን ቆላ አልወረድሽ፣ ንዳድ የለብሽ፤ ከእኔም የሚለይሽ ወንዝ የለ። የእርሷን መከራ በሙሉ ተሸክመሽ ነው ዳገቱን የወጣሽው።"

"ቢሆንም አጀሌ፣ የተጻፈልኝ የሞት ቀን፣ ከደረሰ..."

"አጀል ከደረሰ ጨው ጆንያ ላይም ይደርሳል።"

ሰኞ ሲደርስ ሸሪፋ ጣይባን ይዘዋት ገበያ ወጡ። ገበያው በሰውና በአህያ ተጨናንቋል፤ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ሸሪፋ አንድ እርምጃ ተራምደው ይቆማሉ፤ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። "ያቻት ሽንኩርት የምትሸጠዋ፣ አምስቱንም እኔ ነኝ ያዋለድኳት። ያ በርበሬ የሚያስመዝነው ጎረምሳ በእግሩ ነው የመጣው፤ እናቱ ይቻት ከኋላው፣ ስትጨቃጨቅ አትሰሚም?" እያሉ ያሳዩዋታል። ጣይባ ሴቶቹን ታያለች። ይስቃሉ፣ ይከራከራሉ፣ ያዛጋሉ። ሁሉም እርሷ የምትፈራውን ደጅ አልፈው የመጡ ናቸው፤ የአንዳቸውም ፊት ላይ ግን አይነበብም።

"የሞቱትስ?" ብላ ጠየቀች ድንገት።

ሸሪፋ ቆሙ። ከመንገዱ ገለል ብለው አንድ ግንብ ተደገፉ።

"አሉ" አሉ። "ልዋሽሽ አልፈልግም። የሞቱብኝን እስከነስማቸው አስታውሳለሁ፤ ለሰላት በተነሳሁ ቁጥር ዱዓ አደርግላቸዋለሁ። በሰላም የወለዱትን ግን ስማቸውን ይዤ አልዘልቀውም፤ በዝተውብኛል። ለይላን አንቺ በየቀኑ ታስቢያታለሽ። በዚያው ዓመት ሰፈራችሁ የወለዱትንስ አንዷን ታስቢያታለሽ?"

ጣይባ አሰበች። ከጎረቤቶቿ አራት የሚሆኑ ሴቶች ያን ዓመት ወልደዋል፤ የአንዷንም ምጥ አታስታውስም። ገንፎ መብላቷን ብቻ ታስታውሳለች።

"አደጋ የለም አላልኩሽም። አለ። መልኩን ስለማውቀው ነው እጄን በሳሙና ሳልታጠብ የማልነካሽ። ከከበደኝም ደግሞ አልግደረደርም፤ ጣሊያኖቹ የከፈቱት ሐኪም ቤት ሩቅ አይደለም፣ በቃሬዛ አስወስድሻለሁ። አንቺ ደግሞ ብይ፣ ተኚ። አብሽሪ።"

ያን ቀን ጣይባ ሁለት ሳህን በላች። ፍርሃቱ ጨርሶ አልለቀቃትም፤ ግን ልኩን ያወቀ እንግዳ ሆኖ ጥግ ይዞ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ በነበረው ሳምንት ዝናቡ ቀንና ሌሊት አላቋረጠም። አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ ጣይባ ደጃፉ ላይ ምስር ስትለቅም፣ ከታች በኩል የመጡ ሴቶች እየተጯጯሁ አለፉ። ሐረጎ ተንዷል፤ ሠራተኛ ተቀብሯል ይላሉ።

ጣይባ ብድግ አለች። ምስሩ መሬት ላይ ተበተነ። ሸሪፋ "ቆይ፣ ሰው እልካለሁ" ቢሏትም አልሰማችም። ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ወደ መኪናው መንገድ ወረደች፤ ሸሪፋም እያለከለኩ ተከተሏት። መንገድ ዳር ብዙ ሴት ተኮልኩሏል። ጣይባ በዚያ ዝናብ ቆማ አንድ ነገር ታሰባት፦ ዘጠኝ ወር ሙሉ ለራሷ ስትለምን ጀላልን አንድ ጊዜ እንኳ አልለመነችለትም። ገደል ሥር የሚውለው እርሱ ሆኖ፣ "እሞታለሁ" የምትለዋን ሲያጽናና የከረመውም እርሱ ነው።

"ያ ረቢ" አለች፣ "እርሱን አትርፍልኝ።"

ካሚዮኑ ብዙ ቆይቶ ደረሰ። ከኋላው በሸራ የተሸፈነ አንድ ሰው ነበር፤ መንገድ ዳር የቆመችው እናቱ ጩኸቷን ለቀቀችው። ሌሎቹ ጭቃ በጭቃ ሆነው ጎን ለጎን ተጋድመዋል፤ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። ጣይባ የመኪናውን ጠርዝ ይዛ የጀላልን ስም መጥራት ጀመረች። አንድ ረጅም ሰው ከላይ ጎንበስ አለላት። የጀላል የሥራ ባልደረባ ደምመላሽ ነበር፤ የጣቶቹ ጫፍ ተልጦ ይደማል።

"ጣይባ ነሽ? አይዞሽ እህቴ፣ አለ። እግሩ ነው የተሰበረው። ካቦውን እየተራገመ ነው የመጣው፤ የሚራገም ሰው ደግሞ አይሞትም።"

ከጭቃው ውስጥ አንድ እጅ ተነሳ። ጣይባ ያዘችው። ጀላል ሊናገር ሞከረ፤ ከአፉ አፈር ተፋ። "አንቺ" ብቻ አለ። "በዚህ ዝናብ ምን ትሠሪያለሽ?"

መልስ ልትሰጠው ስትል ውሃዋ ፈሰሰ።

ጀላልን ወደ ሐኪም ቤት፣ ጣይባን ወደ ሸሪፋ ቤት ወሰዷቸው። ምጡ ፈጣን ነበር። ጎረቤት ሴቶች ገብተው ወገቧን ያዙላት፤ "ያ ፋጡማ፣ ያ ፋጡማ" እያሉ ይለምናሉ። ሕመሙ እንደፈራችው ነበር፤ እንዲያውም ይብሳል። ግን የፈራችው ሌላው ነገር፣ ያ የሞት ጨለማ፣ አልመጣም፤ በየመሀሉ "ጀላልስ?" ትላለች፤ ከሐኪም ቤት መጥቶ ደጅ የቆመው ደምመላሽ "አለ፣ እግሩን እያሰሩለት ነው" ይላታል፤ ደግሞ ምጡ ይመጣል። ሸሪፋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "አሁን አትግፊ... አሁን ግፊ" ይሏታል። ጀምበር ሳትጠልቅ ሴት ልጅ ወለደች። ቤቱ በእልልታ ተናጋ።

እልልታው ግን ተቋረጠ። ደሙ ይበዛ ነበር። ጣይባ ጆሮዋ ጭው ሲል፣ የሸሪፋ ፊት ሲኮሳተር አየች። አንዷን ሴት "ደምመላሽን ቃሬዛ አምጣ በይው፣ ደጅ ይቁም" ብለው ላኩ። ልጅቱን የጣይባን ጡት አስያዙ፤ በእጃቸው ሆዷን አጥብቀው አሹ፣ ደግመው አሹ፤ ላባቸው በአገጫቸው ይንጠባጠባል። ልጅቱ ትጠባለች።

"እየቆመ ነው" አሉ ሸሪፋ ቆይተው። እንደገና አዩ። "ቆመ። አልሐምዱሊላህ።" ከዚያ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አሉና እንደ ልጅ አለቀሱ። ጣይባ እጇን ዘርግታ የአሮጊቷን ራስ ዳበሰች።

ጀላል እግሩ በጀሶ ታስሮ ሐኪም ቤት ከረመ። የወጣ ዕለት ያው ቃሬዛ ላይ ነው ያመጡት፤ ደምመላሽና ሦስት ሰዎች ተሸክመውት። ከጣይባ አጠገብ መደብ ላይ አስተኙት። ልጅቱን ደረቱ ላይ ሲያደርጉለት ትንፋሿን እያዳመጠ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። "መርየም እንበላት" አለ በኋላ። ጣይባ ፈዛ ታየው ነበር። ዓይኑን፣ ጢሙን፣ አንገቱ ላይ የቀረውን ጭረት። ሁለቱም አሉ። ሦስት ሆነው አሉ። ሌላ ምንም አላስፈለጋትም።

በሳምንቱ ደምመላሽ ሚስቱን ገበያነሽን ይዞ መጣ። ገበያነሽ ቅቤና የገንፎ ዱቄት ተሸክማለች፤ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ብላ ጣይባን ሳመቻት። ጣይባ መጀመሪያ የደምመላሽን እጅ ያዘች። ጥፍሮቹ ገና አልበቀሉም። ጀላልን ከአፈሩ ያወጣው በእነዚህ ጣቶች ነው፤ አካፋ እንዳይመታው ፈርቶ። ልትስመው ስትል "ኧረ በስመአብ፣ ተይ" ብሎ እጁን ሊነጥቅ ታገለ። እርሷ ግን አልለቀቀችም፤ ሳመችው።

ወንዶቹ ስለ መንገዱ ወሬ ሲጀምሩ ገበያነሽ ወደ ጣይባ ጠጋ አለች። ነጠላዋን ሆዷ ላይ ሰበሰበች፤ ጣይባ ያን ጊዜ ነው ያየችው።

"እኔም ጥቂት ወራት ነው የቀረኝ" አለች ገበያነሽ በሹክሹክታ። "ስለዚያ ደም ሰምቻለሁ። እንቅልፍ አጥቻለሁ እኮ። እውነቱን ንገሪኝ፣ ያስፈራል?"

ጣይባ ሸሪፋን ቀና ብላ አየቻቸው፤ እርሳቸው እሳቱ ዳር ገንፎ ያገላብጣሉ፤ ልባቸው ድስቱ ላይ ነው።

"ያስፈራል" አለች። "ያማልም። ነይ፣ ጠጋ በይ።" መደቡ ላይ ቦታ ለቀቀችላትና የተኛችውን መርየምን አንስታ ክንዷ ላይ አደረገችላት። "መጀመሪያ ይቺን ያዣት። ከዚያ ሁሉንም እነግርሻለሁ፤ እትዬ ሸሪፋንም እንጠይቃቸዋለን።"