የአጅሬ ትንፋሽ

አባቴን ሰው ሁሉ ጋሽ ጆሮ ነው የሚለው። ጆሮው ትልቅ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም እንደኔው ትንሽ፣ ከራስ ቅሉ ጋር የተጣበቀች ናት። ስሙን ያወጡለት ፈረስን በጆሮው ስለሚመዝን ነው። ሌላው አሠልጣኝ የሩቅ ማያ መነጽር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሜዳው ዳር ሲንጠራራ፣ የኔ አባት ሩጫው የሚያልቅበት እንጨት ጋ ለሜዳው ጀርባውን ሰጥቶ፣ ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ይቆማል። ፈረሱ ከኋላው ይመጣና ያልፋል። ከዚያ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚናገረው፤ ወይ «ንጹህ»፣ ወይ «ይቅር»። «ይቅር» ካለው በኋላ ለቁም ነገር የበቃ ፈረስ አላየንም።

ባለፈረሷ ፈረሶቿን ሁሉ እኛ ጋ ያስቀመጠችው ለዚህ ጆሮ ብላ ነው። ግቢው የሷ ነው። ጋጣው የሷ ነው። ከጋጣው በላይ ያለው እኛ የምንተኛበት ክፍልም የሷ ነው። የአባቴ የምንለው ነገር ጆሮው ብቻ ነው። የዚያን ለት ጠዋት የመጣችውም ይህንኑ ጆሮ ልትጠይቅ ነበር። አጅሬ ለከርሞው ትልቅ ውድድር ይደርሳል ወይስ አይደርስም? ከደረሰ እዚሁ ይቆያል፣ ሌሎቹም አብረውት ይቆያሉ። ካልደረሰ ሁሉንም ሰብስባ ከከተማው ማዶ ወደ ተከፈተው ትልቅ ጋጣ ልትወስዳቸው ነው። ይህን በስልክ ስትነግረን ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢኖርበት ደስ ባለኝ፤ ከተቆጣ ሰው ጋር መነጋገር ይቻላል።

አጅሬ ያልኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱ ላይ የሰፈረለት ስም ረጅምና የማይረባ ነው። የጋጣውን መወርወሪያ በከንፈሩ ከፍቶ ይወጣና ሰው ሲመጣ ተመልሶ ገብቶ እንደተኛ ይሆናል፤ ታዲያ አጅሬ ካልተባለ ማን ሊባል ነው? ዳማ ነው፣ ጥርሱን እንኳ ለውጦ ያልጨረሰ ልጅ። የገባባቸውን አጫጭር ውድድሮች ሌሎቹን አቧራ እያጠጣ ነው የጨረሳቸው። የእናቴ ወንድም፣ ማለትም የጋጣችን ጠራጊ፣ ቀላቢና ወሬኛ፣ ከዚያ ወዲህ ሰፈር ውስጥ አንገቱን አቅንቶ ነው የሚሄደው፤ ሲያዩት እሱ የሮጠ ነው የሚመስለው።

እኔ ግን ፈረስን ዓይኔን ጨፍኜ አልወድም። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ ይሁንና የፈረሶቻችን ሐኪም ሽፋናቸው ሲገነጠል የጣላቸውን መጻሕፍት አንድ በአንድ ጨርሻቸዋለሁ፤ ያልገባኝን ደግሞ ፈረሶቹ ራሳቸው አስረድተውኛል። ስለዚህ አጅሬን ልክ እንደ ጠላት አድርጌ ነው የመረመርኩት። ትከሻው ወደ ኋላ ተጋድሟል፣ ስለዚህ እርምጃው ይረዝማል። ደረቱ ጥልቅ ነው። ዳሌው ገና አልሞላም፣ ግን ይሞላል። ጩኸት አያስደነግጠው፣ ከፊቱ ሌላ ፈረስ ሲያይ ይናደዳል፤ ንዴቱም የልጅ ንዴት ሳይሆን የአዋቂ ነው፣ ጊዜውን ይጠብቃል። በዚህ ሁሉ ላይ ለትልቁ ውድድር የሚቀረው አንድ ነገር ነው። ትልቁ ውድድር ረጅም ነው፣ መጨረሻውም ዳገት ነው። እዚያ ዳገት ላይ እግር ብቻውን የትም አያደርስም። እዚያ የሚፈለገው አየር ነው።

አየሩን ነው የተነፈገው።

መጀመሪያ የሰማሁት ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ነው። ልጓሙን ለቅቄለት ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ፣ አየር በሳበ ቁጥር ከጉሮሮው ቀጭን ፉጨት ወጣ፤ ነፋስ በተሰነጠቀ በር ሲገባ የሚያሰማው ዓይነት። ገታ ሳደርገው ጠፋ። ስለቀው ተመለሰ። ጉሮሮው ውስጥ ሁለት መዝጊያዎች አሉ፣ ፈረሱ ሲሮጥ ሁለቱም ወለል ብለው መከፈት አለባቸው። የግራው ሰንፏል። አጭር ውድድር ላይ ችግሩ ሳይታወቅ ያልቃል። ዳገቱ ላይ ግን አንቆ ይይዘዋል።

የዚያን ቀን አባቴ እንደ ልማዱ እንጨቱ ጋ ቆሞ ነበር። አሳልፌው ተመልሼ መጣሁ፤ «ይቅር» እንደሚል እርግጠኛ ነበርኩ። ባርኔጣውን ቀና አደረገና በፈገግታ «ንጹህ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ እሱን መመርመር ጀመርኩ። የኮርቻ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ውሃ ሲፈላ የሚያፏጭ ማንቆርቆሪያ አለን፤ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ልጓም እየወለወለ ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ያስጮኸዋል። አንድ ቀን ደግሞ ግቢው ውስጥ ቆመን ሳለ ሰማዩን ቃኘና «ዘንድሮ ወፎቹን ምን ነካቸው? ዝም አሉ እኮ» አለን። ጣሪያው ሥር የሰፈሩት ወፎች ከራሳችን በላይ ገበያ አቁመው ነበር። አጎቴ አፉን ሊከፍት ሲል እግሩን ረገጥኩት።

ወፍራሙን ድምፅ ይሰማል። የኮቴ ድምፅ ከሆነማ እስከ ዛሬም ከኔ ይበልጣል፤ የትኛው ጫማ እንደላላ ከአጥር ማዶ ሆኖ ይነግርሃል። ቀጭኑ ነው ጥሎት የሄደው። እሱ ደግሞ የሚያውቀው ነገር የለም፤ የጠፋ ድምፅ ጠፋሁ ብሎ አይናገርም።

ለምን አልነገርሽውም የሚለኝ አይጠፋም። እስቲ እሱ ይንገረው። ጋሽ ጆሮ በሚባል ሰው ፊት ይቁምና ጆሮህ የለም ይበለው።

ባለፈረሷ የመጣችው ብቻዋን አልነበረም፤ ሐኪሙን ይዛው ነው። አባቴ ሳጥኑን ከመኪናው ሲያወርድ አየውና ፊቱ ጠቆረ። በሳጥኑ ውስጥ ያለው በአፍንጫ ገብቶ ጉሮሮን የሚያሳይ ቀጭን ቧንቧ ነው። ሐኪሙ ክፉ ሰው አይደለም፤ ስንት ዓመት ፈረሶቻችንን ያከመ ሰው ነው፣ ሥራውንም ያውቃል። ለአባቴ በትሕትና ነበር ያስረዳው፤ ነገሩ ለጥንቃቄ ያህል እንደሆነ፣ ሕመም እንደሌለው፣ ቶሎ እንደሚያልቅ።

አባቴም «ዶክተር፣ ያቺን እባብህን ወደ ሳጥኗ መልሳት» አለው። «መጀመሪያ እኔ ልስማው። እኔ ሰምቼ ካልገባኝ ያኔ አፍንጫው ውስጥ ታስገባታለህ፤ ከፈለግህ የኔም አፍንጫ ውስጥ።»

አጎቴ ሳቀ። ባለፈረሷም ሳቀችና ጋሽ ጆሮ ይስማው፣ እሱ ንጹህ ካለኝ ለኔ ይበቃኛል አለች። ከልቧ ነበር። ያን ጊዜ ነው ወጥመዱ የታየኝ፤ ኮርቻው ላይ ሆኜ፣ ልጓሙን በእጄ ይዤ።

ብለቀው ያፏጫል። ከአንድ ሰው በቀር የቆመው ሁሉ ይሰማዋል። ብይዘው አያፏጭም፤ ግን ተራ ፈረስ ሆኖ ይታያል፣ ለትልቁ ውድድር አይሆንም ይባላል፣ ጋጣው ባዶ ይቀራል። በየትኛውም በኩል ብሄድ ፈረሶቹ ሄደዋል። የቀረልኝ አንድ ምርጫ ነው፤ አባቴ ከስሙ ጋር ይቅር ወይስ ያለ ስሙ። አሰብኩበት ማለት ይከብዳል፤ ሜዳው ጫፍ ድረስ በሶምሶማ ስንሄድ ቆርጬ ነበር። ይዤው እመጣለሁ። ፈረሱ ሰነፍ ይባል፣ ጋላቢዋ ድንጋይ ትባል፣ የአባቴ ጆሮ ግን ጆሮ ሆኖ ይቀራል።

ዞርንና ጀመርን። አጅሬ ወዲያው ጠየቀኝ፤ አንገቱን ወደ ታች ሳበ፣ አልሰጠሁትም። ጣቶቼ እስኪደነዝዙ ያዝኩት። እንጨቱን ስናልፍ ለሚያይ ሰው ደህና፣ ታዛዥ፣ ከዚያ በላይ የማይጠበቅበት ፈረስ ነበር። ትንፋሹም ዝም እንዳለ ነው። ባለፈረሷ ከንፈሯን ነክሳ ለሐኪሙ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር አለችው፣ እሱም ራሱን ነቀነቀ። በቃ አልቆ ነበር። ለካ ያላለቀ ነገር አለ።

አባቴ ዞረ። ሩጫውን አላየም፤ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የቆመው። ቢሆንም ሰምቷል።

«ይዘሽዋል» አለኝ።

አልያዝኩትም፣ ዛሬ ከብዶታል አልኩ።

«ኮቴው እየለመነሽ ነው ያለፈው። በአራቱም እግሩ ልቀቂኝ እያለ ነው። እኔን ልታታልዪ?» ከዚያ ወደ ባለፈረሷ ዞሮ፣ በዚያ ሰው ሁሉ በሚወድለት አፉ፣ «ልጄ ፈርታለች እመቤቴ፣ አይፍረዱባት። አቅቷት ከሆነ ትውረድና አጎቷ ይውጣበት» አለ።

አጎቴ በዚያ ቦርጩ እርካብ እንደሚረግጥ ሁሉ እግሩን አነሳ። ተሳቀ። ሐኪሙም ሳቀ። እኔን ፈሪ ማለት! ጉንጬ ነደደ። ከዚህ ግቢ የሚወጣውን ፈረስ ሁሉ አፉን የገራሁት እኔ ነኝ። ቢሆንም ንዴቱን ውጬ ሌላ ሰበብ ፈለግሁ፤ መሬቱ ረጥቧል፣ ጫማው ላልቷል አልኩ። አባቴ ጫማው እንዳልላላ ነገረኝ። ልክ ነበር።

«አባዬ፣ ይቅርብን» አልኩት በመጨረሻ፣ ዝቅ ብዬ፣ እሱ ብቻ እንዲሰማኝ።

«ምን አልሽ?» አለኝ።

ያልኩትን እነዚያ ሁሉ ሰምተውታል። ፈረሱን አዞርኩ።

ለቀቅሁት። ከዚያ በኋላ ስላለው ሩጫ ብዙ መናገር አልችልም። ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲያም እንደዚያ የሮጠ ፈረስ ላይ አልተቀመጥኩም። መሬቱ ከሥራችን ተስቦ የሚወጣ ነበር የሚመስለው። ለትልቁ ውድድር የሚባለው ፈረስ ይህ ነው፤ ማንም ሰው ዓይን ካለው ይህን አይቶ አይከራከርም። ልቤን የሰበረው ደስታው ነው፤ ጆሮውን አቅንቶ፣ በያንዳንዱ እርምጃ እየተደሰተ፣ በያንዳንዱም እርምጃ እያፏጨ። መታጠፊያው ላይ ፉጨቱ ጨመረ። እንጨቱ ጋ ስንደርስ ፉጨት መሆኑ ቀርቶ እንደ መጋዝ ይፈጭ ነበር፤ ከላዩ ደግሞ ያ ቀጭኑ ድምፅ ሰማዩን ይሰነጥቃል።

አስቁሜው ስመለስ አጎቴ መሬት መሬት ያያል። ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርጋል፣ የሚጠረግ ነገር ግን አልነበረበትም። ባለፈረሷ አባቴን ነው የምታየው።

አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ። ፊቱ በርቷል። ሁልጊዜ አንድ ቃል ነው የሚናገረው፤ የዚያን ቀን ግን ደስታው አላስችል ብሎት ጨመረበት።

«ሰማችሁት? ንጹህ።»

ሐኪሙ አፉን ሲከፍት ባለፈረሷ ክንዱን ያዘችው። ከዚያ ወደ አባቴ ሄደችና እጁን በሁለት እጇ ጨበጠች፣ አመሰግናለሁ ጋሽ ጆሮ አለችው፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ቃላቱን እየለያየች። ሳጥኑ ሳይከፈት ወደ መኪናው ተመለሰ።

እኔን ወደ መኪናው ጠራችኝ። ሐኪሙ የሚለው እኔ የማውቀውን ነው፤ ጉሮሮው በቀዶ ሕክምና ይከፈታል፣ አንዳንዱ ይድናል፣ አብዛኛው እንደ ነበረው አይሆንም። ባለፈረሷ ለዚያ ትዕግሥት የላትም። አጅሬን ለአጭር ውድድር ለሚፈልገው ትሸጠዋለች፣ ለሌሎቹ የጭነት መኪና ትልካለች። እኔን አዲሱ ጋጣ ጋላቢ ይፈልጋል፣ ስምሽን እነግርልሻለሁ አለችኝ። ስሜ እዚሁ ይቅር አልኳት። ኩራት አያበላም እንደምትለኝ ጠብቄ ነበር፤ እሷ ግን አላለችኝም፣ በሩን ዘጋች።

ጋጣ ስገባ አባቴ አጅሬን በድርቆሽ እያሸ ላቡን ያደርቅለታል። ቀና ሳይል ምን አለች ብሎ ጠየቀኝ። ኮርቻውን መስቀያው ላይ ሰቀልኩ።

«በሁለት እጇ ጨበጠችኝ» አለ። «እንዲህ የሚጨበጠው ለቅሶ ቤት ነው።»

ድርቆሹን ጣለ። እጁን ከፈረሱ አገጭ ሥር ሰደደና ጉሮሮውን ዳበሰ፤ መጀመሪያ ቀኙን፣ ቀጥሎ ግራውን። ግራው ላይ ጣቱ ቆመ። ሥጋው የቀለጠበትን ጎድጓዳ ቦታ አገኘው። መልሶ ቀኙን፣ መልሶ ግራውን። አጅሬ የተሰጠው ፍቅር መስሎት አንገቱን ትከሻው ላይ ጣለበት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዝናቡ በፊት» አልኩ።

«የፈረሱን አይደለም የጠየቅሁሽ።»

አባቴ የፈረሱን አንገት እንደተሸከመ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ፤ የጎጆዎቹን ሥር፣ ጭራሮው የሚንጠለጠልበትን።

«ወፎቹስ?» አለ።

«አሉ፣ አባዬ።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ድርቆሹን አነሳና የፈረሱን ጎን ማሸት ቀጠለ፤ እነሱም ከላይ ሲንጫጩ፣ ሲንጫጩ።