የተቆረጡት አስራ አንድ ሰከንዶች

ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ነበር። ኤዲተሯ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ የስለላውን ፊልም ስትቆርጥ የባሏን ድምፅ ሰማች፦ «ለሚስቴ እንዳትነግሪያት፣ አደራ።»

ባሏ፣ ነፍሱን ይማርና፣ እስከዚያ ዓመት የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ዳይሬክተሩ አንድ ቀን ተሳፍሮ ፊቱን ወደደለትና መሪ ተዋናይ አደረገው። ነባር ተዋናይ ቀረጻ ሳይጀመር ሚስጥር አያወራም፤ ደረቱ ላይ የተሰካው ማይክ ክፍት መሆኑን ያውቃል። ሾፌሩ ግን ገና አልለመደም።

አደራውን የተቀበለችው በፊልሙ የሚያፈቅራት ተዋናይት ናት። ኤዲተሯ የቀረውን ለመስማት አንጀቷ አልቻለም፤ ማዳመጫውን አውልቃ ወረወረችው።

እራት ላይ፣ «ሰላዩ፣ ዛሬ ምን ሰለልክ?» አለችው።

«ምን እሰልላለሁ እናቴ! ዳይሬክተርሽ አሥር ጊዜ ደረጃ አስወጣኝ።»

«ብቻህን?»

«ከነሽጉጤ።»

እሱ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። ሲተኛ ሸሚዙን አሸተተች፣ ኪሱን ዳበሰች። ምንም አላገኘችም፤ ምንም አለማግኘቷ ይብስ አሳበዳት።

በማግስቱ፣ በፊልሙ ባሏና ተዋናይቷ ባቡር ጣቢያ ቆመው ዝም ብለው የሚተያዩበትን አስራ አንድ ሰከንድ ቆርጣ አወጣችው። የፊልሙ ፍቅር ያለው እዚያ ነበር።

«የሚተያዩባትስ?» አላት ዳይሬክተሩ።

«ብርሃኗ ተበላሽቷል።»

አመናት፤ አስራ ሁለት ዓመት አብረው ሲሠሩ ዋሽታው አታውቅም።

ፊልሙ ሲታይ ሰው «ሰላዩስ ጎበዝ ነው፣ ፍቅሩ ግን ከየት መጣ?» እያለ ይወጣ ጀመር። እሷን ደግሞ ጥርጣሬው እንቅልፍ ነሳት። ቁርጡን ልወቅ ብላ በሳምንቱ ድምፁን ካቆመችበት አስቀጠለችው።

«ልብህ ደክሟል ብሎኛል ሐኪሙ» ይላል ባሏ። «ከሰማች ቀረጻውን ታስጥለኛለች።»

«አብደሃል እንዴ ወንድሜ? ዛሬውኑ ንገራት!» ትላለች ተዋናይቷ።

«እነግራታለሁ፤ መጀመሪያ ይለቅ። እሷም እኮ ለፍታበታለች።»

ያን ዕለት ከሥራ እንደወጣች ሐኪም ቤት ይዛው ሄደች። አስራ አንዱን ሰከንድ ቦታው መልሳ ቀጥላ ለዳይሬክተሩ ሁሉን ስትናዘዝ ግን ፊልሙ ከሲኒማ ቤቶች ወርዶ ነበር።

«አሁን ማን ያየዋል እህቴ?» አላት።

ባሏ ሐኪም ቤት በሄዱ በሰባተኛው ሳምንት አረፈ። ሁለተኛ ፊልም አልሠራም።