እትዬ ለአባዬ የቋጠሩለት እምነት

አባዬ ነቃ! ነቃ ነቃ ነቃ! መጀመሪያ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? የመተንፈሻው ቱቦ ከጉሮሮው እንደወጣለት፣ ድምፁ ሻክሮ ሻክሮ፣ "እየሩስ፣ ጫማዬስ?" አለኝ! ሰውየው እኮ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጥሎት የመጣ መስሎታል! እየሳቅኩ አለቀስኩ።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። አባዬ ደሳለ ላሊበላ አስጎብኚ ነው። አስጎብኚ ማለት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጫማ ማውለቅና ማጥለቅ ነው። ገና ሰሞን እንግዳ ሲበዛ ጭራሽ ይተወዋል፤ በባዶ እግሩ ይውላል። እና ስለታም ድንጋይ ተረከዙን ቆረጠው። ትንሽዬ ነገር! እምነት፣ ያው ከቤተ ክርስቲያን የምናመጣውን የተባረከ አፈር፣ ነሰነሰበትና ሥራውን ቀጠለ። ሲያንቀጠቅጠው "ምች ነው" ብለን ዳማከሴ ጨምቀን አጠጣነው። በማግስቱ እኔን "እማዬ" ብሎ ጠራኝ። እናቱ ከሞተች እኮ ስንት ዘመኗ!

ያኔ ደነገጥን። በአምቡላንስ፣ በጋሸና በኩል፣ ትልቁ ሆስፒታል፣ ቀጥታ ጽኑ ሕሙማን ክፍል።

ነርሷ ሲስተር ፍሬ፣ "ቁስሉ አመርቅዞ ኢንፌክሽኑ ደማቸው ውስጥ ገብቷል፤ ሴፕሲስ ይባላል። ኩላሊታቸውንም ሳንባቸውንም እያደከመው ነው" አለችኝ። አንገቱ ላይ መድኃኒት የሚገባበት ሌላ ቀጭን ቱቦ አለ። "በዚህች ቀዳዳ አዲስ ጀርም ከገባ አይችሉትም። አንድ ጠያቂ ብቻ፣ እጁን ታጥቦ።"

አንድ ጠያቂ! በኛ አገር! ሰው ታሞ ያልጠየቀ ለቀብር እንኳ አይጠራም እኮ! ሌላውን እንደምንም መለስኩ። እትዬን ግን...

እትዬ ወለተ ማርያም የአባዬ ታላቅ እህት ናቸው። እናታቸው ስትሞት አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። በነጠላቸው ጫፍ እምነት ቋጥረው መጡ።

"ግንባሩንና አንገቱን ብቻ ልቀባው።"

"አንገቱ ላይ ቱቦ አለ፣ እትዬ። አይሆንም።"

"አንች! ያንን አንገት ያጸናሁት እኔ ነኝ!"

"አውቃለሁ፣ ግን..."

"ትምህርት ቤት የላክንሽ በር እንድትዘጊብን ነው?"

ተቆጡ። ግን ወደ ቤት አልሄዱም። ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር፣ መስኮቱን ፊት ለፊት እያዩ ተቀመጡ። ዳቦ ስወስድላቸው "እሱ ሳይበላ?" ይሉኛል።

ዛሬ አባዬ ሲነቃ ሮጥኩ። "እትዬ! ጫማውን ጠየቀ!"

እልልታቸውን አቀለጡት። ጥበቃው "እናቴ፣ ሆስፒታል ነው!" ብሎ እየሮጠ መጣ። "ዝም በል፣ ያንተንም ወንድም ይማርልህ!" አሉት። ወንድሙ ምንም አልሆነም እኮ!

ከዚያ ቋጠሯቸውን ፈቱ። እምነቷን በላስቲክ ጠቅልለው መዳፌ ላይ አደረጉና ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፉልኝ። "አልቀባውም። አንችው ከትራሱ ሥር ብቻ አድርጊልኝ። ከዚህ ሌላ አልለምንሽም።"

"እሺ" አልኩ። እንዴት አልል?

ሲስተር ፍሬን ስጠይቃት ግን፣ "ያ የአንገታቸው ቱቦ እስኪወጣ አፈር የሚባል ነገር አልጋቸው አይደርስም፣ የኔ ቆንጆ" አለችኝ።

አሁን እጅ መታጠቢያው ጋ ቆሜ ነው የምጽፍላችሁ። እምነቷ ኪሴ ውስጥ ናት። እትዬ ከዛፉ ሥር በመስኮቱ እያዩኝ ፈገግ ይላሉ፤ ከመጣን ወዲህ ሲስቁ ገና ዛሬ ማየቴ ነው። ይዣት አልገባም፣ እሱስ ያለቀ ነገር ነው፤ አባዬን ገና አሁን አገኘሁት። ግን ስወጣ "አደረግሽልኝ?" ይሉኛል። አዎ ልበላቸው? እምነት በኪስ ይዞ ይዋሻል እንዴ? አላደረግኩም ብላቸው ደግሞ ያ ፈገግታ...

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏቸው ነበር?